ስሙን ነፍጎ መብቱን መስጠት፦ የደቡብ አፍሪካ የጋብቻ እኩልነት ክርክር ምን ያሳያል?

የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች በሕግ የመጋባት መብት ይኑራቸው ወይስ አይኑራቸው በሚለው ክርክር ውስጥ፣ በአስታራቂነቱ ብዙ ደጋፊ የሚያገኝ አንድ ሐሳብ አለ። ለእነዚህ ጥንዶች ውርሱም፣ ጡረታውም፣ የጋራ ንብረቱም፣ የልጅ አሳዳጊነቱም ይሰጣቸው፤ «ጋብቻ» የሚለው ስም ግን ለወንድና ለሴት ብቻ ተጠብቆ ይቆይ የሚል ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ማንንም የሚጎዳ አይመስልም። አንደኛው ወገን የሚሻውን ጥቅም ያገኛል፤ ሌላኛው ወገን የሚያከብረው ስም ሳይነካበት ይቀራል። ደቡብ አፍሪካ በ2006 ይህንኑ መንገድ ለመከተል ተቃርባ ነበር፤ ለፓርላማው መጀመሪያ የቀረበው ረቂቅ በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ጽሑፍ አቋም ስሙን ነፍጎ መብቱን መስጠት አይቻልም የሚል ነው። ምክንያቱ ስም በራሱ ቅዱስ ስለ ሆነ አይደለም። በቤተሰብ ሕግ ውስጥ «ጋብቻ» የሚለው ቃል እንደ ቁልፍ ሆኖ ስለሚያገለግል ነው፤ የውርስ ሕጉም፣ የጡረታ ሕጉም፣ የኢሚግሬሽን ሕጉም፣ የካሣ ሕጉም በሩን የሚከፍተው በዚያ ቃል ነው። ሌላ ስም የተሰጠው ሰው እያንዳንዱን በር ለየብቻው እያንኳኳ፣ ሲከለከልም እየተሟገተ መኖር ይኖርበታል። ይህን ለማወቅ ደግሞ ደቡብ አፍሪካውያን ወደ ሩቅ አገር መመልከት አላስፈለጋቸውም። አብዛኛው የአገሪቱ ሕዝብ በገዛ ትዳሩ ላይ ያየው ነገር ነበር።

«ጋብቻ» ያልተባለው ጋብቻ

በ1927 የወጣው የአገሬው ተወላጆች አስተዳደር ሕግ በጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ሕይወት ውስጥ ዘልቆ የገባ ሰፊ ሕግ ነበር። በትርጓሜ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ቃላት ተለያይተው ተቀምጠዋል። አንደኛው «ጋብቻ» ሲሆን፣ በሥራ ላይ ባለው የጋብቻ ሕግ መሠረት በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል የሚፈጸም ጥምረት ተብሎ ተተርጉሟል፤ በአገሬው ባህልና ሕግ መሠረት የተፈጸመውን እንደማይጨምርም በግልጽ ተጽፏል። ሁለተኛው ቃል «ባህላዊ ጥምረት» ነው። ሎቦላ ተከፍሎ፣ ሁለት ቤተሰብ ተዛምዶ፣ ጎጆ ወጥቶ፣ ልጅ ተወልዶ የሚኖረው ሁሉ በዚህ በሁለተኛው ስም ተመደበ።

የሁለቱ ስሞች ልዩነት የወረቀት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በ1960 የአገሪቱ የይግባኝ ፍርድ ቤት በባህል መሠረት ያገባች ሴት፣ ባሏ በሌላ ሰው ጥፋት በመሞቱ ያጣችውን ቀለብ በካሣ ልትጠይቅ አትችልም ብሎ ወሰነ። ፍርድ ቤቱ ሟቹ እንደሚያኖራት አልጠረጠረም። በሕግ ዓይን ሚስቱ አልነበረችም፤ ያ ብቻ በቂ ሆነ። ክፍተቱን ለመድፈን በ1963 የተለየ ድንጋጌ ማውጣት አስፈለገ፤ ያም የደፈነው ያንኑ አንዱን ክፍተት ነበር። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ሚስቱን በገጠር ትቶ ወደ ማዕድን ከተሞች የተሰደደ ወንድ በዚያ ሌላ ሴት በመንግሥት ሹም ወይም በቤተ ክርስቲያን ፊት ቢያገባ፣ የመጀመሪያው ትዳር ያለ ፍቺ፣ ያለ ፍርድ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ሚስቲቱ ዕውቀት እንደ ፈረሰ ይቆጠር ነበር። «ጥምረት» ከ«ጋብቻ» ፊት ሊቆም አይችልምና። ይህ አሠራር እስከ 1988 ድረስ ቆይቷል።

በእስልምና ሥርዓት የተጋቡትም ከዚህ አላመለጡም። በ1983 ይኸው የይግባኝ ፍርድ ቤት በእስልምና ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን የሚፈቅድ በመሆኑ ከአገሪቱ የሞራል አቋም ጋር ይጋጫል ሲል ዕውቅና ነፈገው። ባልዮው አንዲት ሚስት ብቻ ያለው መሆኑ ለውጥ አያመጣም ነበር። በዘር ልዩነት ምክንያት መጋባትን የከለከለው የ1949ኙ ሕግ የተሻረውም ገና በ1985 ነው።

በ1998 የወጣውና በ2000 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በባህል የተፈጸመውን ትዳር «ባህላዊ ጋብቻ» ብሎ ሲጠራው፣ ስሙን የለወጠው ለማሳመር አልነበረም። በባህል ያገባችው ሚስት በሌሎቹ ሕጎች ሁሉ ሚስት የምትባለው በዚያ ስም መሆኑን ሕግ አውጪው በሚገባ ተረድቶ ነበር።

የዘር ጭቆናንና የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን መገለል አንድ ናቸው ማለት ግን አይገባም። ታሪካቸውም፣ ስፋታቸውም፣ ያደረሱት ጉዳትም ይለያያል። አንድ የሆነው የሕጉ ስልት ነው፦ ሰዎችን ከነትዳራቸው ለመሸኘት ሲያመች ሌላ ስም መስጠት።

ይህ ታሪክ ሌላም ነገር ያጋልጣል። ጋብቻ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች እንዳይፈቀድ የተሟገቱት ወገኖች «ጥንታዊውን የጋብቻ ትርጉም» እንጠብቅ ሲሉ የጠሩት ትርጉም ከደች ሰፋሪዎችና ከእንግሊዝ ዳኞች የተወረሰ ነው። የዙሉውን፣ የኮሳውን፣ የኬፕ ታውኑን ሙስሊም ትዳር ከጋብቻ ውጭ ያደረገውም ይኸው ትርጉም ነው። በሊምፖፖ የሚኖሩት የሎቬዱ ሕዝብ የዝናብ ንግሥት የሚሏት ሞጃጂ በባህሉ ሥርዓት ሚስቶች ነበሯት። ይህ ልማድ የፖለቲካና የዝምድና ማሰሪያ እንጂ የፍቅር ግንኙነት ስለ መሆኑ ማስረጃ አይደለም፤ እንደዚያ አድርገው የሚጠቅሱት ሰዎች ይሳሳታሉ። ነገር ግን ጋብቻ በአፍሪካ ምድር ከጥንት ጀምሮ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ ነበር የሚለውን አባባል ለመቀበል ያስቸግራል።

ተቆራርሶ የተሰጠ መብት

የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በጾታዊ ዝንባሌ ምክንያት የሚደረግን አድልዎ በግልጽ በመከልከል በዓለም የመጀመሪያው ነው። ክልከላው በ1993ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ገብቶ በ1996ቱ አንቀጽ 9 ጸንቷል። ይሁን እንጂ ሕገ መንግሥቱ ስለ ጋብቻ አንዳች አላለም። ስለዚህ የተከተለው ጉዞ እርምጃ በእርምጃ፣ ክስ በክስ የሆነ ነበር።

በ1998 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በወንዶች መካከል የሚደረግን ግንኙነት ወንጀል ያደርግ የነበረውን ሕግ ሻረ። በ1999 የውጭ ዜጋ የሆነ ተጓዳኝ እንደ ባል ወይም እንደ ሚስት በአገሪቱ የመኖር ፈቃድ እንዲያገኝ ወሰነ። በ2002 አንዲት ዳኛ ለተጓዳኟ የጡረታ ተጠቃሚነት ተሟግታ ረታች፤ በዚያው ዓመት የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች በጋራ ልጅ በጉዲፈቻ እንዲያሳድጉ ተፈቀደ። በ2003 በሰው ሠራሽ ዘዴ የተወለዱ ልጆች ሁለቱም እናቶች እንደ ወላጅ እንዲመዘገቡ ተወሰነ።

ዝርዝሩ የድል መዝገብ ይመስላል፤ ነውም። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ውሳኔ በስተጀርባ ጠበቃ ለማቆምና ዓመታት ለመጠበቅ አቅም ያለው ሰው እንዳለ መዘንጋት አይገባም። ዳኛይቱ ስለ ጡረታዋ መሟገት ችላለች። በፋብሪካ የምትሠራ ሴት ግን ተጓዳኟ ስትሞት የማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤቱ «ምኗ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ መልሷን በሕገ መንግሥታዊ ክስ ልትደግፍ አትችልም። ያገባ ሰው ለዚህ ጥያቄ አንድ ወረቀት ብቻ ያሳያል።

ይህ አካሄድ ወዴት እንደሚያደርስ የታየው በየካቲት 2005 ነው። አንዲት ሴት ሳይጋቡ ከ1985 ጀምሮ አብራው የኖረች ወንድ በ2001 ሲሞት፣ ከንብረቱ ቀለብ እንዲቆረጥላት ጠየቀች። የሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት አብላጫ ድምፅ ጥያቄዋን አልተቀበለም። ሕጉ ቀለብ የሚሰጠው ለትዳር ጓደኛ ነው፤ ማግባት እየቻሉ ያላገቡ ሰዎች ከጋብቻ የሚመነጨውን ግዴታ በሟች ንብረት ላይ ሊጭኑ አይችሉም የሚል ነበር ምክንያቱ። ውሳኔው ድሆች ሴቶችን ይጎዳል ተብሎ ብዙ ተተችቷል፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን በውስጡ ያለው ሎጂክ ነው። ማግባት መቻል የመብት ሁሉ መግቢያ ከሆነና ያላገባ ሰው «ምርጫህ ነው» የሚባል ከሆነ፣ ማግባት የተከለከለው ሰው ምን ይባላል? ሕጉ በአንድ እጁ በሩን ዘግቶ በሌላው እጁ ለምን አልገባህም ብሎ ሊቀጣ አይችልም። ስለዚህ የሚቀጥለው ጉዳይ ወደዚያው ፍርድ ቤት ሲመጣ፣ ቀድሞ የተሰጠው መልስ ራሱ ጥያቄ ሆኖ ቆየው።

የፉሪ ጉዳይ

ማሪ ፉሪ እና ሴሲሊያ ቦንትሃይስ ከ1994 ጀምሮ አብረው የኖሩ ጥንዶች ነበሩ። በ2002 በፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያቀረቡት ጥያቄ ጋብቻቸው በሕግ እንዲታወቅና እንዲመዘገብ ነበር። ፍርድ ቤቱ የጋብቻ ሕጉን ራሱን ስላልተቃወሙ ብሎ ክሱን ዘጋው። በ2004 መጨረሻ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ በዳኛ ኤድዊን ካሜሮን በተጻፈ ውሳኔ፣ በልማዳዊው ሕግ ያለው የጋብቻ ትርጉም የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን እንዲያካትት ሆኖ መስፋት አለበት አለ።

ጥንዶቹ ረቱ፤ ሆኖም መጋባት አልቻሉም። እንቅፋት የሆነባቸው የ1961ዱ የጋብቻ ሕግ አንቀጽ 30 ነው። አንቀጹ የመንግሥት ሹም በሚያጋባበት ጊዜ ለተጋቢዎቹ የሚያቀርበውን ጥያቄ ቃል በቃል ያስቀምጣል፤ እከሊትን «ሕጋዊ ሚስት (ወይም ባል)» አድርገህ መውሰድህን ታረጋግጣለህን የሚል ነው። ሹሙ ከዚህ ቃል ሊወጣ አይችልም፤ ቃሉ ደግሞ ለሁለት ሴቶች አይሆንም። የአገሪቱ ሁለተኛ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «ልትጋቡ ትችላላችሁ» ያላቸው ሰዎች በሁለት ቃላት ምክንያት ከሹሙ ጠረጴዛ ሊመለሱ ሆነ። ስም ምን ያደርጋል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማምጣት ይከብዳል።

ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ውሳኔውን የሰጠው በታኅሣሥ 1 ቀን 2005 ሲሆን፣ የጻፉት ዳኛ አልቢ ሳክስ ናቸው። ሳክስ በአፓርታይድ ዘመን በስደት ላይ ሳሉ በ1988 በማፑቶ በመኪና ላይ በተጠመደ ቦምብ ቀኝ እጃቸውንና የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሰው ናቸው። ዳኞቹ በጉዳዩ ፍሬ ነገር ላይ አልተለያዩም። ሕጉ እነዚህን ጥንዶች ከጋብቻ ማግለሉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል አሉ።

መንግሥትና በጉዳዩ ጣልቃ የገቡት ወገኖች አራት ያህል መከራከሪያ አቅርበው ነበር። ጋብቻ ዓላማው መዋለድ ነው የሚለው በቀላሉ ወደቀ፤ መውለድ የማይችሉ፣ በእርጅና የሚጋቡ፣ ልጅ የማይፈልጉ ወይም የጉዲፈቻ ልጅ የሚያሳድጉ ባልና ሚስቶች ሁሉ ትዳራቸው ጎደሎ ነው እንደ ማለት ይሆናልና። ዓለም አቀፍ ሕግ ጋብቻን በወንድና በሴት መካከል ብቻ ያውቃል የሚለውም እንዲሁ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ በ2002 በኒውዚላንድ ጉዳይ ላይ አገሮች ይህን ጋብቻ የመፍቀድ ግዴታ የለባቸውም ማለቱ እውነት ነው፤ ግዴታ የለም ማለት ግን ክልከላ አለ ማለት አይደለም። የሃይማኖቱ መከራከሪያ ሰፋ ያለ በመሆኑ ዝቅ ብሎ ይታያል።

አራተኛው ከሁሉም ይልቅ የረቀቀው ነበር፦ ጋብቻውን ሳንነካ የተለየ ሥርዓት ይዘጋጅላቸው። የሳክስ መልስ በአገሪቱ ታሪክ ላይ የቆመ ነው። «የተለየ ነገር ግን እኩል» የሚለው አነጋገር በደቡብ አፍሪካ ምን ማለት እንደ ነበር የሚያውቅ ማንም ሰው፣ ልዩነቱ ራሱ ስድብ ሊሆን እንደሚችል አይስተውም። ሁለት በሮች አንድ ወደሆነ ክፍል ቢያስገቡ እንኳ፣ አንደኛው ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ ከተሠራ መልእክት አለው። ጥንዶቹ የጠየቁት ሕዝቡ ሁሉ በሚገባበት በር ለመግባት ነው።

በመፍትሔው ላይ ግን ዳኞቹ ተለያዩ። አብላጫው ፓርላማው ሕጉን እንዲያስተካክል የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠ፤ ያ ካልሆነ ግን ከዓመቱ በኋላ በአንቀጽ 30 «ወይም ባል» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም የትዳር ጓደኛ» የሚል ቃል እንደ ተጨመረ እንዲቆጠር ወሰነ። ዳኛ ኬት ኦሪጋን ብቻቸውን መዘግየቱን ተቃወሙ፤ ቃሉ ዛሬውኑ ይግባ አሉ። በዚህ ላይ የኦሪጋን አቋም ይበልጥ የሚያሳምን ቢመስልም፣ የሳክስ ጥንቃቄ ምክንያት ነበረው። ሕዝብ በወኪሎቹ አማካይነት የተከራከረበት ሕግ ከዳኞች ብዕር ከወጣ ቃል ይልቅ ሥር ይይዛል።

መዝገቡና መሠዊያው

በጉዳዩ ጣልቃ ከገቡት መካከል የደርባኑ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ዊልፍሪድ ናፒየር የደገፉት የጋብቻ ተከላካዮች ኅብረት ይገኝበታል። ሥጋታቸው የተናቀ ሊሆን አይገባም። ለብዙ ሚሊዮን አማኞች ጋብቻ ውል ሳይሆን ምሥጢር ነው፤ መንግሥት ቃሉን ሲነካው የእምነታቸውን ልብ የነካ ይመስላቸዋል።

ይህን ጉዳይ ለማየት የአማርኛ አንባቢ ከብዙዎች የተሻለ መነሻ አለው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ተክሊልና ቁርባን አንድ ነገር ነው፤ ሰማንያ ሌላ ነገር ነው። በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ባልና ሚስት መሆናቸውን ማንም አልካደም፤ ይሁንና ማንም በቁርባን ተጋብተዋል አላለም። አንዱ የሰው ውል፣ ሌላው የእግዚአብሔር ምሥጢር ሆኖ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል። የ2000 የተሻሻለው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግም በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ሦስቱን ሥርዓቶች ለየብቻቸው ያውቃቸዋል። የኢትዮጵያ ሕግ ጋብቻን በወንድና በሴት መካከል ብቻ የሚያውቅ ከመሆኑም በላይ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀል የሚቀጣ በመሆኑ፣ በዚህ ጉዳይ ሁለቱ አገሮች የሚነጻጸሩ አይደሉም። የሰማንያና የቁርባን ልዩነት ግን ለማንኛውም ክርክር ግልጽነት ይሰጣል፦ የመንግሥት መዝገብ መሠዊያ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የተፋታን ሰው ዳግመኛ በተክሊል አላጋባም ስትል መንግሥት እንዳያገባ አይከለክለውም፤ መንግሥት ሲያጋባውም ቤተ ክርስቲያን እንድትባርከው አትገደድም።

የደቡብ አፍሪካ ሕግም የተጓዘው በዚህ መንገድ ነው። የሃይማኖት አገልጋይ ከእምነቱ ውጭ የሆነን ጋብቻ እንዲፈጽም አይገደድም፤ ይህ ከ1961 ጀምሮ በጋብቻ ሕጉ ውስጥ ነበር፣ የ2006ቱም ሕግ አልነካውም። ስሕተቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው። የ2006ቱ የሲቪል ጥምረት ሕግ አንቀጽ 6 የመንግሥት ሹሞችም በኅሊናና በእምነት ምክንያት የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ላለማጋባት ለሚኒስትሩ በጽሑፍ አሳውቀው ነፃ እንዲሆኑ ፈቀደ። ከዓመታት በኋላ ነፃ የሆኑት ሹሞች ቁጥር ከሲሶ በላይ መድረሱ ታወቀ። በትንንሽ ከተሞች ይህ ማለት ጥንዶቹ መብታቸውን ለማግኘት ወደ ሌላ ከተማ መጓዝ አለባቸው ማለት ነበር።

የአንቀጹን ባሕርይ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያገኛል። የሹሙን ኅሊና ለመጠበቅ የወጣ ቢሆን ኖሮ፣ የተፋቱ ሰዎችን ወይም ሃይማኖታቸው የተለያየ ጥንዶችን ማጋባት የሚከብደውንም ሹም በጠበቀ ነበር። እርሱ ግን ስለ አንድ ወገን ብቻ የሚቆረቆር ኅሊናን መርጦ ጠበቀ። ካህኑ የሚያገለግለው አምላኩን ነው፤ ሹሙ የሚያገለግለው ሕዝቡን ነው፤ ደመወዙንም ከዚያው ሕዝብ ግብር ያገኛል። አንቀጹ የተሻረው በ2020 ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ፈጀ።

ከፓርላማው በኋላ

በ2006 የቀረበው የመጀመሪያ ረቂቅ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የሰጠው «የሲቪል አጋርነት» የሚል ስም ብቻ ነበር። ከአንድ ወገን ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል፣ ከሌላው ወገን የአገሪቱን ሥነ ምግባር ያፈርሳል ተብሎ ተወገዘ። በኋላ ተሻሽሎ የተጋቢዎቹ ጾታ ምንም ይሁን ምን «ጋብቻ» ወይም «የሲቪል አጋርነት» ከሚሉት ስሞች የወደዱትን እንዲመርጡ ተደነገገ። በኅዳር 14 በ230 ድምፅ ድጋፍና በ41 ተቃውሞ ጸደቀ፤ ፕሬዚዳንቱን ተክተው ይሠሩ የነበሩት ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ ፈርመውበት ፍርድ ቤቱ የሰጠው ጊዜ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ሥራ ላይ ዋለ። ደቡብ አፍሪካ በዓለም አምስተኛዋ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆነች። ገዥው ፓርቲ አባላቱ በነፃ ኅሊናቸው እንዲመርጡ አለመፍቀዱም ሊሸሸግ አይገባም። ይህን ጠቅሰው ሕጉ የሕዝብ ፈቃድ አይደለም የሚሉ አሉ። ነገር ግን የሕገ መንግሥት የመብት ምዕራፍ የተጻፈው አብላጫው በወደደ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ከሆነ፣ ባይጻፍም ልዩነት አልነበረውም።

ከዚህ የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የብሔራዊ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተጫዋች የነበረችው ዩዲ ሲሜላኔ በሚያዝያ 2008፣ ሕጉ ከጸደቀ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ በትውልድ ሰፈሯ በክዋቴማ በቡድን ተደፍራ ተገደለች። በከተማ ዳርቻ ለሚኖሩ ድሀ ጥቁር ሴቶች የጋብቻ የምስክር ወረቀት ምን ያደርግላቸዋል? ጥያቄው እውነተኛ ነው። ሕጉ ከቢላዋ አያድንም። ይሁን እንጂ ጋብቻ የሀብታሞች ጌጥ ነው ከሚለው መደምደሚያ ጋር መስማማት ያስቸግራል። ሀብታም ኑዛዜ ያስጽፋል፣ ውክልና ያዘጋጃል፣ ኩባንያ ያቋቁማል። ኑዛዜ ሳይጽፍ የሚሞተው፣ ዘመድ መጥቶ ዕቃውን ከቤት የሚያወጣበት፣ በሆስፒታል በር «ቤተሰብ ብቻ» የሚባለው ድሀው ነው። አንድ ወረቀት ብዙ ወረቀት የሚተካው ሌላ ወረቀት ለሌለው ሰው ነው።

የተቆራረጠው አካሄድ የተወው ምልክት ዛሬም ይታያል። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ሳምንት ሲቀረው ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ያልተጋቡ የተመሳሳይ ጾታ ተጓዳኞች ያለ ኑዛዜ እንዲወርሱ ወስኖ ነበር፤ በወቅቱ መጋባት አይችሉም ነበርና ተገቢ ነበር። በ2016 ይኸው መብት ከ2006 በኋላም እንደማይቀር ፍርድ ቤቱ አረጋገጠ። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ሆነ፦ ሳይጋቡ የኖሩ ሁለት ወንዶች ይወራረሳሉ፤ ሳይጋቡ የኖሩ ወንድና ሴት አይወራረሱም። ይህ የተቃናው በ2021 መጨረሻ፣ ሟች ተጓዳኟን ለመውረስ የጠየቀች አንዲት የቤት ሠራተኛ ባቀረበችው ክስ ነው። እርስዋን የረዳት ክርክር መንገዱን የጠረጉለት የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ጉዳዮች ነበሩ። በ2022 ደግሞ ፍርድ ቤቱ በእስልምና ሥርዓት የተፈጸሙ ጋብቻዎችን አለማወቅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ ከ1983ቱ ፍርድ በኋላ ወደ አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

አገሪቱ አሁንም ሦስት የጋብቻ ሕጎች አሏት። የ1961ዱ ሕግ ዛሬም «ሚስት (ወይም ባል)» ይላል፤ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ወደ እርሱ አይገቡም። በ2006ቱ ሕግ መሠረት «ጋብቻ» የሚለውን ስም መርጠው መጋባታቸው ትልቅ ነገር ቢሆንም፣ የሚገቡበት በር ግን እስካሁን የተለየ ነው። በ2023 መጨረሻ ለፓርላማ የቀረበው የጋብቻ ረቂቅ ሕግ ባህላዊውን፣ የእስልምናውን፣ የወንድና የሴቱን፣ የተመሳሳይ ጾታውንም ጋብቻ በአንድ ሕግ ሥር ለማዋል የታሰበ ነው። በረቂቁ ላይ የሚነሱት ክርክሮች በአብዛኛው ከአንድ በላይ ሚስት ስለ ማግባትና ስለ ዕድሜ ገደብ ናቸው። የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ጉዳይ በዚህ ክርክር ውስጥ የያዘው ቦታ አነስተኛ ነው።